ይዞ የሚለቅ ብረት

ውሃ ኦክስጅን ተሸክሞ ለመጓዝ አይመችም። ከደም ውስጥ ሕዋሶቹ ተለይተው ሲወጡ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ፣ ፕላዝማ የምንለው፣ በሳምባ አልፎ ሲወጣ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚሟሟበት ኦክስጅን 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ አዋቂ ሰው ደግሞ ተጋድሞ ጣራ ጣራውን ሲያይ እንኳ በየደቂቃው 250 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈጃል። ደማችን ፕላዝማ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የሟሟውን ኦክስጅን አንድም ሳናስቀር አሟጠን ብንጠቀምበት እንኳ ልባችን በደቂቃ ከ80 ሊትር በላይ መርጨት ነበረበት። ጤነኛ ልብ በእረፍት ጊዜ የሚረጨው 5 ሊትር ያህል ነው። በሰውነታችን ያለው ደም በሙሉ ቢሰፈርም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ጉድለቱን የሚሞላው ሄሞግሎቢን ነው። እሱ ሲጨመር የአንድ ሊትር ደም ጭነት ከ3 ወደ 200 ሚሊ ሊትር ያድጋል። ትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ቀይ የደም ሕዋስ ከሳምባ ይጭናል፣ ለሰውነት ያደርሳል፣ ደወል ይደወላል። እኔን ከመጫኑ ይልቅ የሚገርመኝ ማራገፉ ነው። ኦክስጅንን አጥብቆ የሚይዝ ነገር በተፈጥሮ ሞልቷል። ዝናብ ያገኘው ማረሻም ይይዘዋል፤ ዝገት ማለት ኦክስጅን የያዘ ብረት ነው። ማረሻው ግን የያዘውን መልሶ አይሰጥም። ደም ሳምባ ላይ ጭኖ እግር ጣት ድረስ ከወረደ በኋላ የጫነውን መልቀቅ አለበት፤ ያውም በሚያስፈልግበት ቦታ፣ በሚያስፈልገው መጠን።

ያለ ሄሞግሎቢን የሚኖር እንስሳ የለም ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። በ1927 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዲትሌፍ ሩስታድ የተባለ ኖርዌያዊ የሥነ ሕይወት ባለሙያ በደቡብ ውቅያኖስ፣ በቡቬ ደሴት አጠገብ፣ ደሙ እንደ ውሃ የጠራ ዓሣ አገኘ። የአገሩ ልጅ ዮሃን ሩድ በ1954 ባሳተመው ጥናት የእነዚህ ዓሣዎች ደም ቀይ ሕዋስም ሄሞግሎቢንም እንደሌለው አሳየ። ዓሣው የሚኖርበት ባሕር ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊወርድ ምንም አይቀረው፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይወርዳል። ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ከሙቅ ውሃ የተሻለ ኦክስጅን ያሟሟል። ያም ሆኖ ዓሣው ዕዳውን በሌላ መንገድ ይከፍላል። ልቡ ከዘመዶቹ ልብ በጣም የገዘፈ፣ የደም ስሮቹ የሰፉ፣ የደሙም መጠን ብዙ ነው። እኛ ሰውነታችን 37 ዲግሪ የሚሞቅ፣ ተራራ የምንወጣና ታክሲ ሊያመልጠን ሲል የምንሮጥ ፍጡራን በዚያ መንገድ አንኖርም።

በአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ወደ 270 ሚሊዮን የሄሞግሎቢን ሞለኪውሎች ታጭቀዋል። ሕዋሱ ቦታ ለመቆጠብ ኒውክሊየሱን ሳይቀር አውጥቶ ጥሏል። እያንዳንዱ ሞለኪውል ከአራት የፕሮቲን ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ሰንሰለት እቅፍ ውስጥ ሄም የሚባል ጠፍጣፋ ቀለበት አለ፤ በቀለበቱ መሃል አንድ የብረት አቶም ተቀምጧል። አራት ብረት፣ አራት የኦክስጅን መቀመጫ። ፕሮቲኑ ብረቱን ውሃ በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ስለሚያስቀምጠው ኦክስጅን መጥቶ ይለጠፍበታል እንጂ አያዝገውም። ጥበቃው ፍጹም አይደለም። በየቀኑ ጥቂቱ ብረት ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ እንኳ ይበላሻል፣ ኦክስጅን መሸከምም ያቆማል፤ ለዚህም በሕዋሱ ውስጥ ይህንኑ እየተከታተለ የሚያድስ ኤንዛይም አለ። በአንዳንድ መድኃኒትና መርዝ ምክንያት ኤንዛይሙ ሲሸነፍ የታካሚው ደም እንደ ቸኮሌት ቡናማ ሆኖ ይቀዳል።

በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን እንዲሁ የሟሟ ሳይሆን ከአንድ ነገር ጋር በኬሚካል የተያያዘ መሆኑን በ1857 ያሳየው ሎታር ማየር የተባለ ጀርመናዊ ነው። ያንን ነገር ሄሞግሎቢን ብሎ የሰየመው ደግሞ በ1864 ሌላው ጀርመናዊ ፌሊክስ ሆፕ ዛይለር። አያያዙ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ግን ከዚያ በኋላ አንድ መቶ ዓመት ያህል ፈጀ።

ፍንጩ የተገኘው ፕራግ ውስጥ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ፌሊክስ ሃውሮዊትዝ የተባለ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ኦክስጅን የሌለው ሄሞግሎቢን ክሪስታል ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ሲመለከት፣ አየር በመስታወቱ ጠርዝ በኩል ሾልኮ ገባ። ወይን ጠጅ የመሰሉት ባለስድስት ማዕዘን ክሪስታሎች ዓይኑ እያየ ፈራረሱ፤ በቦታቸው ደማቅ ቀይ፣ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች በቀሉ። ሰው በቸልታ ሊያልፈው የሚችል ነገር ነው። ሃውሮዊትዝ ግን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝ ቅርጹ ይለወጣል ማለት እንደሆነ ገባው። ክሪስታል የሚፈርሰው በውስጡ የተደረደሩት ሞለኪውሎች ቅርጽ ሲለወጥ ነውና።

የሃውሮዊትዝ ሚስት ዘመድ የሆነ ማክስ ፔሩትዝ የሚባል ወጣት ነበር፤ የቪየና ልጅ፣ በ1936 ለትምህርት ካምብሪጅ የሄደ። በ1937 ፕራግ ሄዶ ሃውሮዊትዝን ካነጋገረ በኋላ ሄሞግሎቢንን ሥራዬ ብሎ ያዘ፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻም አልለቀቀውም። የፈረስ ሄሞግሎቢን ክሪስታል በኤክስሬይ እያነሳ፣ ከምስሉ ተነስቶ የአቶሞቹን አቀማመጥ ለማስላት ታገለ። መሃል ላይ ጦርነት መጣ። እንግሊዞች በ1940 እንደ ጠላት ዜጋ ቆጥረው አሰሩት፣ በመርከብ ጭነው ካናዳ ላኩት፣ በዓመቱ ፈትተው መልሰው አመጡት፤ ቀጥሎ ከበረዶ የሚሠራ የጦር መርከብ በሚባል እብደት ላይ መደቡት። የሄሞግሎቢንን ቅርጽ አጥርቶ ያየው በ1959 ነው፣ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላው። በ1962 ከባልደረባው ከጆን ኬንድሩ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ወሰደ። ለኔ ግን ትልቁ ሥራው ከሽልማቱ በኋላ የመጣው ነው። በ1970 ሞለኪውሉ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አስረዳ።

የመጀመሪያው ኦክስጅን ሲመጣ አራቱ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ተወጥረው ነው የሚቆዩት፤ ለመግባት ይቸገራል። አንዱ ብረት ኦክስጅን ሲይዝ ግን ወደ ቀለበቱ መሃል ሸርተት ይላል፣ የተያያዘውንም ሰንሰለት ይስበዋል፣ ውጥረቱ ይላላል፤ ሦስቱም በር ይከፍታሉ። ሠርግ ቤት ጭፈራ የሚከብደው ለመጀመሪያው ሰው ነው። አንዱ ደፍሮ መሃል ከገባ ሁለተኛው ይቀለዋል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሳይጠሩ ይነሳሉ። አንዱ ላብ አጥምቆት ሲቀመጥም ሌሎቹ ወንበር ወንበራቸውን ማየት ይጀምራሉ። ሄሞግሎቢንም ኦክስጅን በሞላበት ሳምባ ውስጥ አራቱንም ቶሎ ይሞላል፤ ኦክስጅን በሳሳበት ጡንቻ ውስጥ አንዱ ሲወርድ የቀሩትም ለመውረድ ይቀልላቸዋል።

ይህ በቁጥር ሲታይ ውበቱ ይበልጥ ይወጣል። የደም ግፊት በሚለካበት አሃድ፣ በባሕር ወለል ላይ በሳምባችን ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ ሄሞግሎቢን ከመቶ 97 እጅ ይሞላል። ግፊቱ ወደ 60 ቢወርድ እንኳ ከመቶ 90 እጅ እንደተሞላ ነው። ከአንድ ሦስተኛ በላይ ግፊት ጠፍቶ የጠፋው ጭነት በጣም ጥቂት ነው። ከዚያ በታች ግን ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ 40 ላይ 75 ከመቶ፣ 20 ላይ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ። ማለትም ላይኛው ሜዳ ለሳምባ የተተወ መጠባበቂያ ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ የማራገፊያ ቦታ። በእረፍት ጊዜ ደም ከጫነው ሩቡን ብቻ አውርዶ ይመለሳል። ሯጭ ጡንቻ ውስጥ ግን ሦስት አራተኛውንና ከዚያም በላይ ያወርዳል።

ጡንቻው የበለጠ እንደሚፈልግ ደሙ በምን ያውቃል? በቆሻሻው ነው። የሚሠራ ጡንቻ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ ያወጣል፣ ይሞቃልም። አሲዱም ሙቀቱም ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን እንዲለቅ ይገፋሉ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ውጤት በ1904 ኮፐንሃገን ውስጥ ያገኘው ክርስቲያን ቦር ነው፤ የታላቁ የፊዚክስ ሊቅ የኒልስ ቦር አባት። ነርቭ ትእዛዝ ሳይሰጥ፣ አንጎል ሳይሰማ፣ የበለጠ የሠራው ጡንቻ የበለጠ ይደርሰዋል። ሳምባ ላይ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በትንፋሽ ሲወጣ አሲዱ ይቀንሳል፤ ሄሞግሎቢንም እንደገና ለመያዝ ይነሳሳል። በማኅፀን ያለ ልጅ የራሱ የተለየ ሄሞግሎቢን አለው፤ ከእናቱ ሄሞግሎቢን ይልቅ ኦክስጅንን ጠበቅ አድርጎ ስለሚይዝ የእናትየው ደም የሚለቀውን ይወስዳል።

ቅርጹ ሲለወጥ ቀለሙም ይለወጣል። ከደም ቅዳ የሚፈሰው ደማቅ ቀይ፣ ከደም መልስ የሚቀዳው ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ሰማያዊ ደም የሚባል በሰው ውስጥ የለም፤ የትምህርት ቤቱ ሥዕል ለመለየት እንዲመች ነው ያቀለመው። በዚህ የቀለም ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ጃፓናዊው ኢንጂነር ታኩዎ አዮያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጣት ላይ የሚቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ ሐሳብ አመጣ። በኮቪድ ወቅት ብዙ ቤት የገባው ያ ትንሽ መሣሪያ ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ፣ ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ደም ብቻ ይለያል፤ ምን ያህሉ ኦክስጅን እንደያዘም ያሰላል። ለእኛ አንባቢዎች ግን አንድ ማሳሰቢያ አለው። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያው ደህና ነው ብሎ እያሳየ በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው የወረደ ሆኖ የተገኙ ሰዎች በጥቁር ታካሚዎች ዘንድ ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋሉ። የቆዳ ቀለም ብርሃኑን ያዛባል። ስለዚህ ትንፋሽ እያጠረው ቁጥሩ ጥሩ ነው የተባለ ሰው ትንፋሹን ቢያምን ይሻላል።

መሣሪያውን ይበልጥ የሚያታልለው ግን የከሰል ጋዝ ነው። በክረምት፣ ብርዱ ሲበረታ፣ ማንደጃ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት በአገራችን ስንት ቤተሰብ እንደጨረሰ የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ከጭሱ ነው፤ ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ አልቆ ቀይ ፍም ከሆነ በኋላ ይገባል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ጭስ የለውም፣ ሽታም የለውም፤ ቀይ ፍሙም ያወጣዋል። ከሄሞግሎቢን ጋር ያለው ፍቅር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። በአየር ውስጥ ጥቂት ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ መቀመጫ በመቀመጫ እየያዘ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ከምዕራፉ ጉዳይ ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር አለ። በደም ማነስ ምክንያት ሄሞግሎቢኑ በግማሽ የቀነሰ ሰው ይደክመዋል፣ ዳገት ላይ ያርፋል፣ ቢሆንም በእግሩ ቆሞ ይሄዳል። ከሄሞግሎቢኑ ግማሹ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘበት ሰው ግን ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። የሁለቱም ደም የሚሸከመው ኦክስጅን እኩል ነው! ልዩነቱ መልቀቅ ላይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አንዱን መቀመጫ ሲይዝ ሞለኪውሉ በላላው ቅርጹ ላይ ይቆለፋል፤ በቀሩት መቀመጫዎች ላይ ያለው ኦክስጅንም ጡንቻና አንጎል ደርሶ አይወርድም። ደሙ ተጭኖ ሄዶ ተጭኖ ይመለሳል። ቀለሙም እንደ ቼሪ ደማቅ ቀይ ስለሚሆን የጣቱ መለኪያ 98 ወይም 99 ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ብሪታኒያዊው ጆን ስኮት ሃልዴን በ1890ዎቹ የማዕድን ቆፋሪዎችን ሞት ሲያጠና ይህንኑ ጋዝ ራሱ እየተነፈሰ ምልክቱን መዝግቧል፤ እንዲህ ያለ ምርምር ዛሬ የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚገኝ አይመስለኝም። ሕክምናው ኦክስጅን ነው። ተራ አየር የሚተነፍስ ሰው በደሙ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ አራት አምስት ሰዓት ይወስዳል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወርዳል።

የኢትዮጵያ ደጋ በዚህ ሳይንስ ውስጥ የራሱ ስም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። የሄሞግሎቢን ላይኛው ሜዳ ስላለ ከተሜው ብዙም አይሰማውም። ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጣ ግን ሜዳው ያልቃል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ የደቡብ አሜሪካ ሕዝቦች ለዚህ የሰጡት መልስ ሄሞግሎቢን መጨመር ነው፤ በወንዶቹ ደም በ100 ሚሊ ሊትር 19 ግራም ገደማ ይገኛል። ዋጋ አለው፤ ደም ሲወፍር ልብ ይቸገራል፣ የፔሩ ሐኪም ካርሎስ ሞንሄ በ1920ዎቹ የገለጸው የከፍታ በሽታም ይመጣል። የቲቤት ሰዎች በተቃራኒው ደማቸውን ሳያወፍሩ፣ አነስ ባለ ኦክስጅን ይኖራሉ። በ2002 አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል በስሜን በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን ለክታ ያገኘችው ከሁለቱም የተለየ ነበር። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0፣ የኦክስጅን ሙላታቸው ደግሞ ከመቶ 95.3። የወንዶቹ ቁጥር ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ሦስተኛ መንገድ ተባለ። ከዚያ በኋላ የደጋውን ከቆላው ዘመድ ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ሥዕሉን ትንሽ አደብዝዘውታል፤ በስሜን አማሮች ሄሞግሎቢን ጥቂት ጨምሯል፣ ከፍታውን ከወረሱ ብዙ ዘመን ባልሆናቸው በባሌ ደጋ ኦሮሞዎች ደግሞ ይበልጥ።

ይህን ሲሰማ ወዲያው ወደ ሩጫ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። በ1968 ኦሎምፒክ በ2,240 ሜትር ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ ሲካሄድ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ፤ ከቆላ የመጡ ብዙ ሯጮች ትንፋሽ አጠራቸው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉም የወጡት ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከበቆጂና ከአካባቢዋ ነው። ከፍታው አልረዳም አልልም። ግን ከፍታ ብቻውን ሜዳሊያ የሚያመጣ ቢሆን ቦሊቪያ በኦሎምፒክ ታሪኳ አንድም ሳታገኝ ባልቀረች ነበር። ደም የሚያደርሰው ኦክስጅን ነው፤ ማለዳ ተነስቶ የሚሮጠው ሰው ነው።

ከፍታ ላይ ደም እንዲመረት ትእዛዝ የሚሰጠው ኩላሊት ነው። የኦክስጅን ማነስ ሲሰማው ኢሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ መቅኔ ያንን ሰምቶ ይነሳል። ሕዋስ የኦክስጅንን ማነስ እንዴት እንደሚያውቅ ያስረዱት ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰሜንዛ በ2019 ኖቤል አግኝተዋል። ሰው ሠራሹ ሆርሞን የኩላሊት ሕሙማንን ከደም ማነስ ያድናል፤ በብስክሌት ውድድር ደግሞ ስንቱን አዋርዷል።

መቅኔ በእያንዳንዱ ሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ያህል ቀይ ሕዋስ ይሠራል፤ እያንዳንዱ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ሲያረጅ ጣፊያና ጉበት ይፈጩታል፣ ብረቱን ግን አይጥሉትም። ለአዲስ ደም በቀን ከሚያስፈልገው 20 ሚሊ ግራም በላይ ብረት አብዛኛው ከዚሁ ከአሮጌው የተለቀመ ነው፤ ከምግብ የሚገባው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ግራም ብቻ። ጤፍ ብረት አለው ሲባል ከፊሉ ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፣ እሱንም ሰውነት በቀላሉ አያገኘውም። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ የብረቱን መግባት የበለጠ ይቀንሰዋል። ደም የምታፈስ ሴት፣ የምታጠባ እናት፣ ወይም መንጠቆ ትል ያለበት ገበሬ የሚጎዳው በዚህ ጠባብ ሒሳብ ነው፤ የሚወጣው ከሚገባው በጥቂቱ ከበለጠ ወራት ቆይቶ ደም ማነስ ይሆናል።

ደም የሚለግስ ሰው አንድ ከረጢት፣ 450 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሰጥ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ብረት አብሮ ይሰጣል። የጎደለው ፈሳሽ በአንድ ሁለት ቀን ይተካል፤ ቀይ ሕዋሶቹም በሳምንታት ውስጥ ይሞላሉ። ብረቱ ግን በቀን በሚሊ ግራም ስለሚገባ ወራት ይፈልጋል። ደም ባንክ ለጋሹን ሦስት ወር ቆይተህ ተመለስ የሚለው ስለዚህ ነው።